ጄኔሬተሩ ይሰማዎታል?

ጎንደር፣ መስከረም 24 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

ይህ ወረቀት ከእጅዎ ሲገባ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎ የአያቶቼን አምላክ እለምናለሁ። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ወጥቷል፤ የቀሐ ወንዝ ግን ገና አልጎደለም።

እኔ የወንድምዎ የዋኘው ልጅ ሸዋአየሁ ነኝ። አባቴን ከቀበርን ወዲህ ሁለት ጊዜ በስልክ ተነጋግረን ሁለቱንም ጊዜ መስመሩ ተቋርጦብናል። ያልጨረስኩትን በጽሑፍ ልንገርዎ ብዬ ነው።

የቀሐውን ቤት አከራይተነዋል። ዕቃውን ስናወጣ የአያቴ የአባባ ኃይለ ጊዮርጊስ በገና ከጓዳው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። አባቴ አቧራውን ሲጠርግለት አውቃለሁ እንጂ ሲደረድረው አይቼ አላውቅም። ከዐሥሩ አውታሮች ሰባቱ ተበጥሰዋል። አሁን ማራኪ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ካልጋዬ አጠገብ ቆሟል። ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሠርቼ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ከተማው ውስጥ በገና የሚደረድሩ ሁለት ሰዎች ዘንድ ወስጄው ነበር። አውታር አስገቡልኝ፤ በየራሳቸው ቅኝት ቃኙልኝ። የአባባን ቅኝት ስጠይቃቸው ሁለቱም፣ ሲወራ ሰምተናል እንጂ አናውቀውም አሉኝ። ማክሰኝት ያሉት የአባባ እህት እማማ ለተ ማርያም ደግሞ፣ "እሱን የያዘ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ፈረንጅ አገር ወሰዱት" አሉኝ። እርስዎን ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ያስተምሩኝ እንደሆነ ልጠይቅዎ። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ያለው ኡዘይር የሚባል ሰው በኮምፒውተር ፊት ለፊት እየተያዩ መነጋገር እንደሚቻል አሳይቶኛል። ካሜራም አለው። ልጅዎ መዝሙር በዚያ በኩል ካዘጋጀልዎ፣ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እችላለሁ።

አክባሪዎ
ሸዋአየሁ ዋኘው


በርገን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋአየሁ፣

የጎንደር ታቦታት ይጠብቁሽ። ደብዳቤሽ በሃያ ሁለተኛው ቀን ደረሰኝ። ደህና ነኝ። እዚህ ይዘንባል። ክረምት በጋ አይልም፤ ይዘንባል።

የአባቴን በገና አቧራ እንዳልበላው በመስማቴ ወንድሜን አመሰገንኩት። ቀብሩ ላይ አልቆምኩም፤ ያንን ታውቂያለሽ።

በገና በሽቦ አይማሩትም። እኔ የተማርኩት ካባቴ ጎን ተቀምጬ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እየነካ፣ አምስት ሁዳዴ ነው። ድምፁ በጆሮ ብቻ አይገባም። ከእንጨቱ ወደ ጉልበት፣ ከጉልበት ወደ ወለሉ ይወርዳል። ይህን በኮምፒውተር እንዴት እንደምንልከው አላውቅም።

ሆኖም ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው። መዝሙር አውቶቡስ ከመንዳት ሌላ አይፈልግም፤ አልፈርድበትም። ከኔ በኋላ ቅኝቱን የሚይዝ ሰው የለም። እንሞክር።

ሁለት ነገር ግን ልንገርሽ። በትምህርቱ ሰዓት ትምህርት ብቻ ነው። የዘመድ ወሬ፣ የሞተ የዳነ፣ በደብዳቤ ይሁን፤ ሰው በሚገባበት በሚወጣበት ሱቅ የቤት ነገር አይወራም። ሌላው፣ ድምፁ አጥርቶ ካልተሰማን ያንኑ ዕለት እናቆማለን። አባቴ ቅኝቱን በደንብ ላልሰማ ሰው ጣትህን እንዳታሳይ ብሎኛል። አላሳይም።

ማክሰኝት ገበያ የበግ አንጀት አውታር የሚሠራ ሰው ዛሬም ካለ ዐሥር ላኪልኝ። እዚህ ያለኝ የናይለን ነው።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ጥር 2 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

የልደቱ ጌታ የአገሩን ብርድ ያቅልልዎ። አውታሩን ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ። ሠሪው ሞተዋል፤ አሁን የሚሠራው ልጃቸው ነው።

ስድስት ቅዳሜ ተማርን። በካሜራው የማይታይዎትን ልጻፍልዎ። ከማራኪ ፒያሳ በሚኒባስ ስሄድ በገናውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከኋላ ወንበር ላይ አስደግፈዋለሁ። ረዳቱ የሁለት ሰው ያስከፍለኛል። ባለፈው አንዲት ሴትዮ በሽተኛ የያዝኩ መስሏቸው፣ "እግዜር ይማርልሽ" አሉኝ። አሜን አልኳቸው።

ኡዘይር ከሱቁ ጀርባ የአባቱ ጣቃ ጨርቅ የሚቀመጥበትን ክፍል ለቆልናል። ቤተሰቡ ከቅድመ አያት ጀምሮ ነጋዴ ነው፤ ሁሉን ነገር እንደ ዕቃ ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ቀን በገናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣ "ይኼን የሚያህል እንጨት ገመዱ ዐሥር ብቻ? አትርፈውብሻል" አለኝ። መብራት ስለሚጠፋ በሩ ላይ ጄኔሬተር አለው። ሲነሣ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል። ስለ ጩኸቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አማራጭ የለንም።

ድምፁ ደህና ነው። ጣትዎ በደንብ ይታየኛል።

ማዳመጫዬ ግን አሮጌ ነው። ሻል ያለ ቢያገኙ ይላኩልኝ።

ሸዋአየሁ


በርገን፣ መጋቢት 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋአየሁ፣

ሁዳዴውን በሰላም ያስጀመረሽ በሰላም ያስፈጽምሽ። አውታሩ ደርሷል። ፖስታውን ስከፍተው አንጀት አንጀት ሸተተኝ። ቀኑን ሙሉ መስኮት አልከፈትኩም።

ማዳመጫውን መዝሙር ገዝቶ ልኳል። እሱ ኦስሎ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ በባቡር ሰባት ሰዓት ነው። ከመሄዱ በፊት ኮምፒውተሩን አስተካክሎልኛል፤ የምጫነው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

ጣትሽ ሸጋ ነው። አውራ ጣትሽን ከፍ አታድርጊው። አራተኛውን አውታር እንዳልኩሽ አድርገሻል፣ ልክ ነው። ስለ ጄኔሬተሩ አትጨነቂ፤ አያስቸግርም።

የዋኘውን መቃብር ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ዙሪያውን ምን እንደበቀለበት ማየት እፈልጋለሁ። እነማን እንደሞቱም ጻፊ። ደብዳቤውን ረዘም አድርጊው። ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ በአማርኛ የሚያነጋግረኝ የለም።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ሰኔ 3 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

እንደምን ከረሙ? ዝናቡ ትንሽ ፋታ ሰጥቶዎት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ማዳመጫው ደርሶኛል፤ ጆሮን ሙሉ ይሸፍናል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ፎቶውን አያይዣለሁ። ከመቃብሩ ራስጌ የሚታየው ወይራ ነው፤ ማንም አልተከለውም። የጎረቤታችሁ የአለቃ ክንዱ ባለቤት በጥምቀት ማግሥት ዐርፈዋል። ከቀሐ ድልድይ ማዶ ወፍጮ የነበራቸው ሰውዬም በሚያዝያ ተቀበሩ። ሌላ የማውቀው የለም። እርስዎ የሚያውቋቸውን ሰዎች እኔ በስም ብቻ ስለማውቃቸው ያመለጠኝ ይኖራል።

ስለ ትምህርቱ ልንገርዎ። እርስዎ በአፍዎ እያዜሙ ድምፁን ሲሰጡኝ አውታሩ እዚያ እስኪደርስ እስባለሁ፤ "ልክ ነው" ሲሉኝ መቃኛውን እለቃለሁ። ብዙዎቹ ወዲያው ይገባሉ። አራተኛው ሁልጊዜ ያጠራጥረኛል፤ ልክ ነው ስላሉኝ ግን ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካጠፋሁ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ስደረድር ጆሮዎን ወደ ኮምፒውተሩ ሲያስጠጉ አያለሁ። አንዳንዴ ከምስሉ ይወጡና ፀጉርዎ ብቻ ይታየኛል። መስመሩ ነው ወይስ አሞዎት ነው? በትምህርቱ ሰዓት አይጠየቅም ስላሉኝ ነው በደብዳቤ የምጠይቅዎ።

ሸዋአየሁ


በርገን፣ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋአየሁ፣

የአባትሽ አምላክ ካንቺ አይራቅ። ደብዳቤሽን ካገኘሁ አራት ወር አልፎኛል። መልስ ያቆየሁት ወረቀት አጥቼ አይደለም። ደህና ነኝ። ሐኪም ቤት ተመላልሼ ነበር፤ የሽማግሌ ነገር ነው።

ወይራውን አይቼዋለሁ። እንዳትቆርጡት።

ከእንግዲህ የማሳይሽ አዲስ ነገር የለኝም። ጣትሽ አባቴ የሚደረድራቸውን ሁሉ ያውቃቸዋል። ቅኝቱን ይዘሻል። መጋቢት ላይ የዋኘው ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው፤ እዚያ ደርድሪ። ለተ ማርያም በሕይወት ሳለች ትስማው። የአባቴን በገና በጆሮዋ የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሰማችው እኔም ያለብኝን ተወጣሁ ማለት ነው።

ትምህርቱ ሲያልቅ ምን እናደርጋለን ብለሽ ቅዳሜ ዕለት ጠየቅሽኝ። የትምህርት ሰዓት ነው ብዬ ዘጋሁብሽ። መልሱ ይኸውልሽ። ካልሰለቸሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የተማርሽውን እየደጋገምን እንቆያለን።

መዝሙር በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ በገናህ ጣሪያዬን እየነዘረ አስቸገረኝ ብሎ ደብዳቤ በበሩ ሥር አስገባ። መዝሙር በስልክ ተረጎመልኝ። ብርድ ልብስ አጥፌ ከበገናው ሥር አነጠፍኩ።

ወልደ ገብርኤል


በርገን፣ መጋቢት 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለሸዋአየሁ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ሁለት ቅዳሜ ቀርተሻል። ታመሽ ነው? ኡዘይርን በኮምፒውተሩ አግኝቼ ጠየቅሁት፤ እሱም አላውቅም አለኝ። ሁለቱንም ቀን እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሙት ዓመቱ እንዴት እንደዋለ አልጻፍሽልኝም። ለተ ማርያም መጣች?

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ስላፈርኩ ነው።

የአባቴን ሙት ዓመት መጋቢት 14 አደረግን። ሠላሳ ሰው ያህል ነበር። በገናውን ደረደርኩ። ሰው ጸጥ ብሎ ሰማኝ፤ ቄሱም መረቁኝ። እማማ ለተ ማርያም ከማክሰኝት መጥተው ነበር። ዓይናቸው ካለፈው ዓመት ወዲህ አያይም። ስጨርስ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝና በጆሮዬ፣ "ሸጋ ነው ልጄ። የኃይለ ጊዮርጊስ ግን አይደለም" አሉኝ።

ምኑ ነው ያልሆነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኔ ደርዳሪ ነኝ እንዴ? ወንድሜን ግን ሁዳዴ ሁዳዴ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሰምቸዋለሁ። ይኼ ሌላ ሰው ነው።"

ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ያልመጣሁት እርስዎን ማየት አቅቶኝ ነው። ትናንት ብቻዬን ኡዘይር ዘንድ ሄድኩና ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኩት። ለእርስዎም አሁን እናገራለሁ። የእርስዎን በገና አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ሲመቱት ጠብ ይላል፤ ከዚያ ይጠፋል። ንግግርዎና ዜማዎ ይሰማኛል፤ በገናው አይሰማኝም። መጀመሪያ ማዳመጫው ነው አልኩ። አዲሱ ሲመጣም ያው ሆነ። ዓመት ከመንፈቅ ጣትዎን እያየሁ ነው የተማርኩት። ያልነገርኩዎ፣ ካልተሰማን ያንኑ ዕለት እናቆማለን ብለው ስለጻፉልኝ ነው።

ኡዘይር መጀመሪያ ሳቀብኝ። "ዓመት ከመንፈቅ እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጠሽ ዝምታ ስትማሪ ነበር?" አለኝ። ቆይቶ ተነሣና ሁለት ኮምፒውተር አገናኘ፤ አንዱ ከጀርባው ክፍል፣ አንዱ ከፊት ለፊት። እኔ ከጀርባ ደረደርኩ፤ እሱ ከፊት በማዳመጫ ሰማ። ስናገር ይሰማኛል አለ። ስደረድር ምንም የለም።

በዚያ መሐል መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን አስነሣውና ማይክሮፎኑን አጠገቡ ይዞ ቆመ። እኔ ከጀርባው ክፍል ማዳመጫውን አደረግሁ። ጄኔሬተሩ በግድግዳው በኩል ጀርባዬን ይነዝረኛል። በማዳመጫው ግን የኡዘይር ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ገበያ ውስጥ እንዳለ ሰው ይጮኻል፣ በዙሪያው ግን ጸጥታ ነው።

"ገባኝ" አለኝ ሲመለስ። "ይኼ ፕሮግራም ሰው ሲናገር ያሳልፋል። ሳያቋርጥ የሚነዝር ነገር ሲያገኝ የማራገቢያ ጩኸት ነው ብሎ ያጠፋዋል። በገናሽን ከጄኔሬተር ቆጥሮታል።"

ቀጥሎ የጠየቀኝን ነው ለእርስዎ የማስተላልፈው። "አስተማሪሽ ስለ ጄኔሬተሩ አንድ ቀን ተናግረዋል?" አለኝ። አያስቸግርም ብለው መጻፍዎን ነገርኩት። "ወይ በጣም ጨዋ ናቸው፣ ወይ እንዳንቺ ናቸው" አለ።

አጎቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጄኔሬተሩ ይሰማዎታል?

ሸዋአየሁ


በርገን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋአየሁ፣

አይሰማኝም። አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል ብለሽ ስትጽፊልኝ ያንን መስመር ደጋግሜ አነበብኩት።

የሆነውን ልንገርሽ። ትምህርት በጀመርን በወሩ መዝሙር የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስዶኝ ነበር። ሐኪሙ ቀጭኑን ድምፅ ትሰማለህ፣ ወፍራሙ እየቀነሰብህ ነው አለኝ። በጆሮ ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሰጠኝ፤ መሳቢያ ውስጥ አለ። የራሴን በገና ስደረድር በደረቴና በጉልበቴ ስለሚሰማኝ ስንቱ በጆሮዬ፣ ስንቱ በአጥንቴ እንደሚገባ አላውቅም። ስለዚህ ያንቺ ጠብ ብሎ ሲጠፋ፣ ጊዜው ደረሰ አልኩ። ማሽኑን አልጠረጠርኩም። በኅዳር የጻፍኩልሽ የሽማግሌ ነገር ይኸው ነው።

ቃሌን ብጠብቅ ያንኑ ዕለት ማቆም ነበረብኝ። ሳምንቱ ውስጥ ግን ያለችኝ ቀን ቅዳሜ ናት።

አራተኛውን አውታር ልክ ነው ያልኩሽ ሳልሰማ ነው። ሁሉንም ልክ ነው ያልኩሽ ሳልሰማ ነው። ጣትሽ ሸጋ መሆኑን አይቻለሁ፤ ያ እውነት ነው። ጨርሰሻል ያልኩሽም ጆሮዬ ጨርሶ ሳይዘጋ ነገሩ ያለቀ እንዲመስለኝ ብዬ ነው። ለተ ማርያም ፊት ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። የደረሰብሽ ኀፍረት የኔ ነው፤ ላኪልኝ።

የኡዘይርን ነገር ሰምቻለሁ። ላምነው እፈልጋለሁ፤ ግን ማሽኑ ዋሸ ማለት ሐኪሙ ዋሸ ማለት አይደለም። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። በገናሽን በሌላ ነገር ቀድተሽ ላኪልኝ። ከሰማሁት ሰማሁት። ካልሰማሁት ደግሞ ቅኝቱ እኔ ዘንድ አብቅቷልና እንዳትደክሚ እነግርሻለሁ።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ ግንቦት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

እግዚአብሔር ጆሮዎን ይክፈትልን። ኡዘይር በስልኩ ቀድቶታል። መጀመሪያ ዐሥሩ አውታሮች አንድ በአንድ፣ ከዚያ በሙት ዓመቱ የደረደርኩት በሙሉ አለ። በኢንተርኔት ልንልከው ሦስት ጊዜ ሞክረን መሐል ላይ ተቋረጠብን። ስለዚህ ሚሞሪውን በሁለት ካርቶን መሐል አጣብቄ ልኬዋለሁ። መዝሙር ከፍቶ ያሰማዎ።

ኡዘይር መጨረሻው ላይ ጄኔሬተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል ጨምሮበታል። "ይኼ ካልተሰማቸው ሐኪሙ ልክ ነው በያቸው" ብሏል። እንዳይቀየሙት፤ እሱም መልሱን እየጠበቀ ነው።

ሸዋአየሁ


በርገን፣ ሐምሌ 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለልጄ ለሸዋአየሁ፣

ጄኔሬተሩ ይሰማል። እንዴት ያለ አስቀያሚ ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

መዝሙር ለዚህ ሲል ከኦስሎ መጥቶ ሁለት ቀን አደረ። መጀመሪያ በድምፅ ማጉያ፣ ቀጥሎ በማዳመጫ፣ ቀጥሎ መሳቢያ ውስጥ ያለውን መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ አስገብቶ አሰማኝ። ሐኪሙ አልዋሸም፤ የታችኛዎቹን አውታሮች ያለ መሣሪያው አሳንሼ ነው የምሰማቸው። ግን እሰማቸዋለሁ። አሁን መሣሪያውን አድርጌዋለሁ።

ወደ ሥራችን። አራተኛው አውታር ወርዷል። በትንሹ አይደለም። ለተ ማርያም የሰማችው እሱን ነው። ድምፁን በአፌ ስሰጥሽ ድምፄ የደከመበት ጊዜ ስለነበር እኔው አውርጄ ሰጥቼሽ ይሆናል፤ ልክ ነው ብዬ ያጸደቅሁት ግን ሳልሰማ ነው። ሰባተኛው አውታር ላይ እንዚራው ከቦታው ወጥቷል፤ ያቺ ከአውታሩ ሥር የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ ማለቴ ነው። እሷ ካልተስተካከለች አውታሩ ይንኳኳል እንጂ አይነዝርም። ማታሽን ሙሉ ሳይሆን ጠዋት ጠዋት ጥቂት ጥቂት እየገፋሽ ፈልጊው። አውራ ጣትሽ ይቸኩላል። ሦስተኛው ዜማ ላይ ትንፋሽ ሳትወስጂ ትገቢያለሽ፤ አባቴ ቢሆን እንጨት ይወረውርብሽ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ልክ ነው ያልኩሽን ሁሉ ሰርዢው። ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

በዚህ ሚሞሪ ላይ መዝሙር የኔን ቀድቷል። እያንዳንዱን አውታር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ሙሉውን ሦስት ጊዜ ደርድሬዋለሁ። የታችኛው ፎቅ ሰውዬ ጣሪያውን በእንጨት ሲመታ ይሰማል፤ እሱን እለፊው። አራተኛውን ከኔው ጋር እስኪገጥም ሳቢው። ሲገጥም ሁለቱ አንድ ይሆኑና የትኛው ያንቺ፣ የትኛው የኔ እንደሆነ ይጠፋሻል። ያኔ መቃኛውን ልቀቂ። ከዚያ ማክሰኝት ውሰጂው። እኔን አትጠይቂኝ፤ እሷን ጠይቂያት።

እንግዲህ ትምህርቱ በሚሞሪና በደብዳቤ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ለትምህርት እንደማይጠቅመን አውቀናል።

ቅዳሜ ግን እንደወትሮው በሰዓቱ እቀመጣለሁ። በገናውን ይዘሽ አትምጪ፤ ከባድ ነው፣ የሁለት ሰውም ያስከፍሉሻል። የትምህርት ሰዓት ስላልሆነ የፈለግሽውን ማውራት ይቻላል።

ወልደ ገብርኤል


ጎንደር፣ መስከረም 6 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ወልደ ገብርኤል፣

እንኳን ዘመን አሸጋገረዎ። በየቅዳሜው ስናወራ ይህን ያልነገርኩዎ፣ የበገናው ነገር በደብዳቤ ይሁን ስላሉ ነው።

ሚሞሪው በፍልሰታ ጾም ደረሰኝ። ኡዘይር ሱቁን ለግማሽ ሰዓት ዘግቶ አብሮኝ ሰማ። በገናዎን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ኡዘይር ሲያልቅ ዋጋ አልጠራም። ሰውዬው ጣሪያውን ሲመታ ብቻ፣ "ይኼን ሰው ጄኔሬተር አጠገብ ነበር ማስቀመጥ" አለ።

አራተኛውን ስስብ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ከዚያ እንዳሉኝ ሆነ፤ የትኛው የማን እንደሆነ ጠፋኝ።

ጳጉሜ ሦስት ቀን ማክሰኝት ወሰድኩት። እማማ ለተ ማርያም አልጋ ላይ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። ሰላም ብዬ ሳልጨርስ ዝም በይ ስላሉኝ፣ ምንም ሳልነግራቸው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጬ ደረደርኩ። ጨርሼ እጄን ሳነሣ ዞረው፣ "ወልደ ገብርኤል መጣ?" አሉኝ።

"አልመጡም እማማ። እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"ምነው ደጅ ታስቆሙታላችሁ? ግባ በሉት።"

እኔ ነኝ ብዬ ደግሜ ነገርኳቸው። አላመኑኝም። እስክሄድ ድረስ በሩን ክፍት እንድተወው አደረጉኝ።

ቅዳሜ በአራት ሰዓት እደውላለሁ።

ሸዋአየሁ